ልጆቻችን የጎደላቸው አቋቋም አይደለም

በኦክላንድና በሳን ሆዜ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል አንድ እምነት ሥር ሰዷል። ልጄ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያቃተው ሰውነቱን መያዝ ስለማያውቅበት ነው የሚል እምነት ነው። ስለዚህ አገጩን ቀና፣ ደረቱን ነፋ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ዓይኑን ከአድማጩ ዓይን ሳይነቅል እንዲናገር የሚያሠለጥነው ሰው ይፈለግለታል። ሥልጠናው ቅዳሜ ጠዋት በዙም ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ በአካል። ክፍያው ቀላል አይደለም። አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ፣ እናት የሰው አዛውንት ስትጦር ውላ የሚያመጡት ገንዘብ ነው።

እኔ ይህ እምነት ስህተት ነው እላለሁ። ልጆቹን ይጎዳል፤ እኛንም ከዋናው ሥራችን ያዘናጋናል። ልጅ ሰው ፊት የሚርበተበተው የሚናገረው ነገር የራሱ ስላልሆነ፣ ወይም ከልቡ የሚያዳምጠው ሰው ስላላገኘ ነው። ሁለቱ ከተሟሉለት ትከሻው ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። ካልተሟሉለት ግን ዓመት ሙሉ ቢሠለጥን የሚያገኘው ቀጥ ብሎ መፍራትን ነው።

የወላጆቹ ሥጋት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የወላጅና የመምህር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ «ልጃችሁ ጎበዝ ነው፤ ግን ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ሲያናግሩት ዓይን አያይም» የሚለውን ያልሰማ ከእኛ መካከል ጥቂት ነው። መምህሯም ነገሩን ከራሷ አላመጣችውም። ካሊፎርኒያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የተቀበለችው ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መመዘኛ፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ክፍል ፊት ሲቆሙ ተገቢ በሆነ መንገድ አድማጭን እንዲያዩ፣ ድምፃቸው እንዲሰማና አነጋገራቸው የጠራ እንዲሆን ይጠይቃል። ወላጅ ይህን ሲሰማ የዓይኑ ነገር ብቻ ጆሮው ላይ ይቀራል። ያው መመዘኛ ግን ከዚያ በፊት የሚያዘው ሌላ ነገር አለ። ተማሪው ሐሳቡን በሥርዓት እንዲያስቀምጥ፣ ዋናውን ነጥብ እንዲያጎላ፣ በማስረጃ፣ በዝርዝርና በምሳሌ እንዲደግፈው ይላል። ዓይንና ድምፅ ኋላ ነው የሚመጡት። እኛ የኋላውን አስቀድመን የፊቱን ረሳነው።

ሥልጠናው ደግሞ በሳይንስ ስም ይሸጥልናል። «ሰው ከሚያስተላልፈው መልእክት 93 በመቶው ያለ ቃል ነው» የሚለው ቁጥር በየማስታወቂያው አለ። ቁጥሩ የመጣው አልበርት መህራቢያን የተባለው የዩሲኤልኤ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ላይ ተሳታፊዎች «ምናልባት» የምትል አንዲት ቃል በተለያየ ቃና ተቀርጻ ሰሙ፤ የተለያየ ስሜት የሚታይበት የሴት ፊት ፎቶግራፍም አዩ፤ ከዚያ ተናጋሪዋ ምን እንደሚሰማት ገምቱ ተባሉ። ስለ አደባባይ ንግግር የተነሳ ነገር አልነበረም። መህራቢያን ራሱም ስሌቱ ሰው ስሜቱንና ዝንባሌውን ሲናገር ብቻ እንደሚሠራ፣ ከዚያ ውጪ እንደማይሠራ ጽፏል። ሳን ሆዜ ውስጥ ቬትናምኛ ብቻ የሚናገር ሐኪም ፊት ብትቀመጡ፣ ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ከሚነግራችሁ 93 በመቶውን ይዛችሁ በወጣችሁ ነበር።

ሌላው የሥልጠናው ምሰሶ «የኃይል አቋም» የሚሉት ነው። ዳና ካርኒ፣ ኤሚ ከዲና አንዲ ያፕ የተባሉ ተመራማሪዎች 42 ሰዎች አሳትፈው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ለሁለት ደቂቃ ሰውነቱን ዘርግቶና ሰፋ ብሎ የቆየ ሰው ሆርሞኑ ይለወጣል፣ ድፍረቱም ይጨምራል አሉ። ከዲ በ2012 ነገሩን በቴድ መድረክ ላይ አቀረበችው፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ተመለከተው። ዛሬ ልጆች ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ጥግ ይዘው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እንዲቆሙ የሚታዘዙት ከዚያ ወዲህ ነው። በ2015 ግን 200 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ያንኑ ሞክሮ የሆርሞንም የድፍረትም ለውጥ አጣ። ያገኘው፣ ሰዎቹ ኃይል እንደተሰማቸው መናገራቸውን ብቻ ነው። በ2016 ደግሞ የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ ካርኒ ራሷ ውጤቱ እውነት ነው ብላ እንደማታምን፣ ከእንግዲህም እንደማታጠናውና እንደማታስተምረው በይፋ ጻፈች። ካርኒ የምታስተምረው በርክሌይ ነው፤ ከኦክላንድ ጋር ድንበር ለድንበር። ማረሚያው ከአጠገባችን ተነግሮ ሳለ እኛ ዘንድ የደረሰው ስህተቱ ብቻ ነው።

ወደ ዓይን ልመለስ፤ ልጆቻችን በብዛት የሚወቀሱት በእሱ ነውና። ልጅ ከባድ ጥያቄ ሲጠየቅ ወደ ጣሪያው ወይም ወደ መሬት ያያል። አሠልጣኙ ይህን ፍርሃት ይለዋል። በስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ፣ ግዊኔት ዶኸርቲ ስኔደንና ባልደረቦቿ ይህንኑ ለዓመታት አጥንተዋል። የሰው ፊት ብዙ ነገር የሚነበብበት ስለሆነ እያዩት ማሰብ ይከብዳል፤ ልጁ ዓይኑን የሚያነሳው ለሐሳቡ ቦታ ለመስጠት ነው። በ2006 ባወጡት ሥራ የ5 ዓመት ልጆች ሲያስቡ ዓይናቸውን ዞር እንዲያደርጉ ሲያለማምዷቸው መልሳቸው ተሻሻለ። እንግዲህ ልጁን «እኔን እያየህ መልስ» ስንለው፣ እየከለከልነው ያለነው ማሰቢያውን ነው።

በዚያ ላይ የቤት አስተዳደጋችን አለ። የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ዝቅ የሚያደርገው አክብሮ ነው። እናቱ ያስተማረችው ይህን ነው፤ አያቱም ከአዲስ አበባ በስልክ ሲያዩት የሚያመሰግኑት በዚህ ነው። አፍጥጦ የሚያይ ልጅ ዓይኑን በጨው ያጠበ ይባል ነበር። ይህ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ያው ጨዋነቱ ጉድለት ተብሎ ይመዘገብበታል። ማታ ደግሞ እኛው የቤቱን ትምህርት ትተን ከመምህሯ ጋር እንወግናለን። «ለምን ታፍራለህ? ቀና በል!» እንለዋለን። ልጁ ከዚህ የሚረዳው በሁለቱም ቤት ስህተት እንደሆነ ነው። ለራሱ ያለው ግምት ከየትም በላይ የሚሸረሸረው እዚህ ላይ ነው፤ የምንከፍለው ግን በራስ መተማመን እንዲማር ብለን ነው።

የሚከራከሩኝ ወላጆች የሚያነሱት አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ። ልጁ ነገ ሲሊኮን ቫሊ ውስጥ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀመጣል፤ ጠያቂው የሐበሻን አስተዳደግ አያውቅም፤ ዓይኑን ከሰበረ የሚደብቀው ነገር አለ ይሉታል። እውነት ነው። ዓለም እንደዚህ እስከሆነች ድረስ ልጁ ልማዱን ማወቅ አለበት። ነገር ግን ልማድን እንደ ልማድ ማስተማር ይቻላል። «እዚህ አገር ሰው ሲያናግርህ ዓይን ዓይኑን ካላየኸው ያልሰማኸው ይመስለዋል፤ አያትህ ፊት ግን እንደለመድከው ሁን» ብሎ ማስረዳት የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው። ልጆቻችን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሻገሩ ናቸው፤ ይህንንም ያለ ችግር ይሻገሩታል። ከዚህ አልፎ ልጁ ራሱ ጎዶሎ ነው፣ በሥልጠና ይጠገናል ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የምቃወመውም እሱን ነው።

ስለ እጅም ብዙ ይባላል። እጅ እንዲህ ሲከፈት ቅንነት ነው፣ እንዲህ ሲታጠፍ መከላከል ነው እየተባለ ልጆች እንደ ሰልፈኛ ይለማመዳሉ። በ1998 ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን ሜዶው የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡትን ያነበበ ሰው ግን ይህን አያደርግም ነበር። ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የማይችሉ ልጆችና ወጣቶች ሲያወሩ እጃቸውን እንደ ማንኛውም ሰው ያንቀሳቅሳሉ፤ ሌላ ዓይነ ሥውር ሲያናግሩም ጭምር። የሰው እጅ ሲንቀሳቀስ አይተው አያውቁም፤ ያሠለጠናቸውም የለም። እጅ የሚንቀሳቀሰው ሐሳብ ሲንቀሳቀስ ነው።

እኛ ደግሞ የሰውነት ቋንቋ የማያውቅ ሕዝብ ልጆች አይደለንም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1960 አንትሮፖስ በተባለው መጽሔት ስለ ሸማ አለባበሳችን ብቻ አንድ ሙሉ ጥናት አውጥቷል። ሰው ሸማውን እንዴት እንዳደረገ አይቶ ሐዘን ላይ መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ መሆኑን፣ ትልቅ ሰው ፊት ሊቀርብ መሆኑን ማወቅ ይቻል ነበር። በላ ልበልሃ እያለ የሚሟገተው ባላገር ሸማውን አደግድጎ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ወደ ፊት እየተራመደ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር ዳኛው ፊት የሚናገረው። መንገደኛ ሳይቀር ዳኛ ሁንልን ተብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ይህን ተሟጋች አቋቋም ብቻውን ለይቶ ያስተማረው ሰው የለም። ልጅ ሆኖ አዋቂዎች ሲሟገቱ ዳር ቆሞ እየሰማ አደገ። ከሁሉ በላይ ክሱን ያውቀዋል፤ መሬቱ የአባቱ ነው፣ ድንበሩን የገፋው ማን እንደሆነ፣ የሚመሰክርለት ማን እንደሆነ ልቡ ውስጥ አለ። ዱላው የሚሰበቀው ነገሩ ስለሚያንገበግበው ነው።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን አቋቋም የሚያነሳብኝ ይኖራል፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። የጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን በምታስመሰክርበት በአቋቋም ትምህርት፣ ደቀ መዝሙሩ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ አካሉን ከዜማው ጋር እንዴት እንደሚያነሳና እንደሚያወርድ ዓመታት ይማራል። ታዲያ ሰውነት በሥልጠና ይገራል ማለት አይደለም? ይገራል። ግን ተማሪው ወደ አቋቋም የሚሄደው ዜማውን አጥንቶ ነው። አካሉ የሚሸከመው ነገር አስቀድሞ በውስጡ አለ። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በጓደኞቹ መካከል ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ምሥጢሩን፣ አገባቡን፣ ቤቱን ያርሙለታል። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ የሚታረም ልጅ ሲጎለምስ አደባባይ አያስፈራውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ እንቆቅልሽ ነበር። የ6 ዓመት ልጅ ጠያቂ ሆኖ አያቱን መልስ ያሳጣቸዋል። ሲሸነፉ «አገር ስጡኝ» ይላል፤ ጎንደርን ቢሰጡት እምቢ ይላል፣ ሐረርን ይጨምሩለታል፣ እሱንም ያማርጣል። ቤተሰቡ ሁሉ አፉን እያየ ይጠብቀዋል። ለልጅ የልብ ልብ የሚሰጠው ይህ ነው፤ አዋቂ የማያውቀውን ነገር ይዞ መካከል መቀመጥ። አገጩን ቀና አድርግ ያለው ሰው የለም።

ስለ ቆራጥ ተናጋሪ ሲነሳ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የሆነውን አስታውሱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን ነበር። አልተወራጩም፤ ረባሾቹ እስኪወጡ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። የተናገሩት ከአውሮፕላን መርዝ ስለዘነበበት ሕዝባቸው ነበር። በዛሬው አሠልጣኝ መለኪያ ቢመዘኑ «እጅዎን አልተጠቀሙም» ተብለው ነጥብ ይቀነስባቸው ነበር።

የተሻለውን ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያሻም። የኦክላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም በየዓመቱ የሚያካሂዱት የልጆች የንግግር ፌስቲቫል ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤችቢኦ በ2020 ዘጋቢ ፊልም አሳይቶለታል፤ ኦክላንድ የተወለደው ተዋናይ ማህርሻላ አሊም ከፊልሙ ዋና አዘጋጆች አንዱ ነበር። እዚያም ልጆች ስለ እጃቸውና ስለ ድምፃቸው ይነገራቸዋል፤ አልክድም። ነገር ግን ልጁ ጽሑፉን በቃሉ ይይዛል፣ ስለ ማን እንደሚናገር ያውቃል፣ ጉዳዩ የሰፈሩና የወገኑ ጉዳይ ነው። አድማጩም የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ያሳደገው አድማጭ ነው፤ ተናጋሪውን ብቻውን አይተወውም፣ ድምፅ እያሰማ ያበረታዋል።

የእኛን አዳራሽ ደግሞ እንይ። አንድ የእንቁጣጣሽ በዓል ላይ 9 ዓመት የሚሆናት ልጅ ግጥም ልታነብ ወጣች። ማይክሮፎኑ ለመድረክ መሪው ቁመት እንደተሰቀለ ነው፤ ዝቅ ያደረገላት ሰው የለም። የያዘችው ወረቀት ላይ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፤ ፊደላችንን አታነብም። ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ወሬያቸውን አላቋረጡም፣ ፊት ያሉት ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተዋል፤ ፊቷን በቀጥታ የሚያይ ሰው ፈልጋ ያገኘችው ካሜራ ነው። ሥልጠና እንደወሰደች ያስታውቃል፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እጇንም በየመሐሉ ትዘረጋለች። «መሬት» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን እጇ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም ነበርና። ሲጨበጨብላት ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም። ጥቂት ቆይቶ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ክፍላቸው ውስጥ ስላመለጠ እንሽላሊት ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ እያወራች ነበር፤ ጎንበስ ብላ ታሳያለች፣ ወንበር ላይ የዘለለችውን መምህር ትሆናለች፣ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ያቺው ልጅ ናት። መድረክ ላይ ያሳጣናት የራሷን ነገር ነው።

ቤታችንስ? እንግዳ ሲመጣ «ልጆች፣ ወደ ውስጥ ግቡ» እንላለን። ልጁ በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መሐል ቃል ቢጥል «አንተ ምን አገባህ» ይባላል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ አፉ በዛ ይባላል። በልጅነቱ ያልተሰማ ሰው በ12 ዓመቱ «በል ተናገር» ቢባል ከየት ያምጣው? እዚህ ላይ ባህላችንን አልሸፍንም። የአክብሮቱን ዓይን እንደምጠብቅ ሁሉ፣ ልጅን ዝም የማሰኘት ልማዳችንን እቃወማለሁ። እንቆቅልሹን ትተን ዝም ማሰኘቱን ብቻ ይዘን ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው።

ለልጅ የሚጠቅም የንግግር ትምህርት የለም አልልም። ትንፋሹን ሳይጨርስ ዐረፍተ ነገር መክፈል፣ ማይክሮፎን ከአፉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ሳያይ ማወቅ፣ ከጠፋበት ቆም ብሎ መጀመር፤ እነዚህ በአንድ ሁለት ቀን የሚለመዱ ጠቃሚ ነገሮች ናቸው። ሲናገር ከባድ ጭንቀት የሚይዘው ወይም የሚንተባተብ ልጅ ደግሞ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ እንደ ችግሩ የሥነ ልቦና ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንጂ የአቋም አሠልጣኝ አይደለም። ከዚያ በተረፈ ልጁ ስለሚያውቀውና ስለሚወደው ነገር ይናገር፤ ስለ ኳሱ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ አያቱ መንደር። የሚያቀርበው አማርኛ ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሆነ ይነገረው። የበዓል ዝግጅት የምትመሩ ወገኖች፣ ልጅ መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹን ዝም አሰኙ፣ ማይክሮፎኑን አውርዱለት፤ ሲጨርስ ከተናገረው ውስጥ አንድ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ይኑር።

እናንተ ወላጆች ደግሞ፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በ880 ስትነዱ መንገዱ ሲጨናነቅ ሰዓት ይፈጃል፤ ልጁ ከኋላ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ተቀምጧል። አውልቀው በሉትና የማታውቁትን ነገር ጠይቁት። መልሱን ሲነግራችሁ አታርሙት፣ አታቋርጡት፤ እስኪጨርስ ስሙት።